ሰማያዊዎቹን ጠጠሮች የቆላሁ ቀን

ቴፒ ውስጥ ያጠቡት ልብስ ከመድረቁ በፊት ይሸታል። ክብሪት አይጫርም፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ያለቅሳል፣ አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ ጺም ያበቅላል። ከሸዋ ቤንች መጥቼ እዚያ መኖር ስጀምር ይህን እርጥበት ጠዋት ማታ እረግመው ነበር። በኋላ ግን ስለት የምሳልለት ጊዜ መጣ፤ እንጀራዬ እሱ ላይ ቆሞ ነበርና።

ሥራዬ ቡና መልቀም ነበር። ከዛፍ ላይ ማለቴ አይደለም። የተፈለፈለው ቡና ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል፤ እኛ ሴቶቹ ግራና ቀኝ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና የነቀዘውን በጣታችን እያወጣን እንጥላለን። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ሌላ ሥራ ሳጣ የገባሁበት ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ያኔ ትምህርት ቤት ልትገባ ደርሳ ነበር። ከእናቴ ቤት አምጥቼ አብራኝ እንድትኖር ያደረግሁት በዚያች አግዳሚ ነው። አግዳሚዋ ከሄደች ልጄም ወደ ሸዋ ቤንች ትመለሳለች። ይህን አውቄ ነበር በየቀኑ የምቀመጥባት።

መልቀም ያስተማረችኝ ከማሻ የመጣች ሴት ናት። ከኋላዋ «የማሻዋ» እንላታለን፣ ፊት ለፊት «እትዬ»። ከሁላችንም በፊት የተቀጠረችው እሷ ነበረች፤ የአግዳሚው ጫፍ የእሷ ነው፣ እዚያ የሚቀመጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ባልም ልጅም የላትም፤ የተከራየቻት ክፍል ከመጋዘኑ አጥር ጀርባ ስለሆነች ከሥራ ወጥታ ወደ ሥራ የምትገባ ነበር የምትመስለው።

«በዓይንሽ አትፈልጊው» ትለኛለች። «ዓይን ይደክማል፣ ዓይን ይዋሻል። ጣትሽ ይፈልገው።»

አንድ ጥቁር ፍሬ ካሳለፍኩ የእጄን ጀርባ በጥፊ ትለዋለች። ጣቶቼ ሥራውን የለመዱት በዚያ ጥፊ ነው። ከለመድኩ በኋላም አንድ ቀን «ጎበዝ» ብላኝ አታውቅም። ደግ ሴት አልነበረችም። እኔም ከእሷ ደግነት አልጠበቅሁም፤ ደግ ሰው ሥራ አያስተምርም፣ ደግ ሰው «ይሁን፣ ተይው» ብሎ ያልፋል።

ማሽኑ የመጣው ቡናው በብዛት በሚገባበት ወቅት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሚዛን ተፈሪ የተወለደ፣ አያቶቹ ከሰሜን የመጡ፣ ጭቃ እንዳይነካው በጫማው ጫፍ የሚራመድ ሰው ነበር። እኛን ሰብስቦ ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገውና «ይኼ አይርበውም፣ አያወራም፣ አይወልድም» አለን። ከመካከላችን ሆዷ የገፋ ሴት ነበረች። እሷን እያየ ነው ያለው።

ማሽኑ ቡናውን ከላይ ያወርደዋል፤ ሲወርድ በካሜራ ያየዋል። ጥቁር ፍሬ ካየ ከጎን ያለች ጠባብ ቀዳዳ «ጢስ» ብላ በአየር ትመታውና ከመንገዱ ታስወጣዋለች። እኛ ስንት ዓመት በጣታችን የለመድነውን እሱ በትንፋሽ ይሠራዋል። ትንፋሹ የሚመጣው ከውጭ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ከተተከለ ኮምፕሬሰር ነው፤ ጎማ የሚነፋበት ቤት ያለውን አስቡት፣ ይኼኛው ግን በሬ ያክላል። ማሽኑ ሥራ በጀመረ ዕለት እኛን ወደ ቤታችሁ አሉን። የማሻዋ ከአግዳሚው የተነሣችው መጨረሻ ላይ ነው፣ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ።

ብዙም ሳይቆይ ዘበኛው ቤት ለቤት እየዞረ ጠራን። ማሽኑ አየር መንፋቱን ትቶ ውሃ መትፋት ጀምሮ ነበር። የቡናው አቧራና ውሃው ተደባልቀው ቀዳዳዎቹን በጭቃ ደፈኗቸው፤ ጥሩው ፍሬ ሁሉ ረጥቦ፣ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ሻገተ። ሥራ አስኪያጁ የሻገተውን በእጁ ዘግኖ ሲያይ የፊቱን መልክ አየሁ። እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ከአዲስ አበባ መካኒክ መጣ። ሥራ አስኪያጁን አጠገባችን አቁሞ ሲያስረዳው እየለቀምን ሰማን።

«አየር ማለት እርጥብ ጨርቅ በለው» አለ። «ኮምፕሬሰሩ ሲጨምቀው ውሃው ይወጣል። የእናንተ አገር አየር ደግሞ ገና ከባልዲ የወጣ ጨርቅ ነው። ማድረቂያ ያስፈልገዋል።»

«ምን ዓይነት?»

«ዓይነቱ ብዙ ነው። እንደ ፍሪጅ ያለ አለ፤ አየሩን አቀዝቅዞ ውሃውን ያራግፈዋል። እሱ ነው ለእናንተ የሚሆነው፣ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል። ውሃ የሚጠጡ ጠጠሮች የሚሞሉበት አለ። ጨው መሰል ነገር የሚሞላበትም አለ፤ እርጥበቱን እየጠጣ ራሱ ቀልጦ ያልቃል። ፀጉር በሚያካክሉ ቱቦዎች የሚያጣራ አለ፤ እሱስ ለጥርስ ሐኪም ይበቃው ይሆናል እንጂ ለእናንተ ምንም አይሠራም።»

ለጊዜው ብሎ ቧንቧው ላይ ከሥሯ መክፈቻ ያላት ጠርሙስ አሰረለት፤ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል፣ ሲሞላ ከፍቶ ማፍሰስ ነው። ሌላ አገር ይሠራ ይሆናል። ቴፒ ግን ጠርሙሷ ተደፍታ ሳታልቅ ትሞላለች። መካኒኩ መንገድ ሲጀምር ማሽኑ መትፋት ጀመረ፤ እኛም ወደ አግዳሚያችን ተመለስን።

ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ የሰማው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ ጨው። ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ለከብት የሚሸጠውን አሞሌ ጨው ገዝቶ መጣ። እኛን አስወቀጠን። የወቀጥነውን ብየዳ ቤት ባሠራው በርሜል አስሞልቶ አየሩን በዚያ ውስጥ አሳለፈው። አሞሌው እንደተባለው ውሃውን ጠጣ፤ ጠጥቶ ግን ቀለጠና አብሮ ነጎደ። ማሽኑ ቡናው ላይ የጨው ውሃ ረጨበት። ቀዳዳዎቹ አረንጓዴ ዝገት አበቀሉ። ቡናውን ሊቀምስ የመጣው ሰውዬ አንድ ፉት ብሎ ውጭ ወጥቶ ተፋ።

«የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ያለቅሳል፣ ብልህ ይልሳል» አለች የማሻዋ ጮክ ብላ፣ አማርኛዋ የማሻ አነጋገር እየቀላቀለ። «እኛ እንልሳለን።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ያቺ ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ያን ሰሞን ክፉዎች ሆነን ነበር፤ ፀሐይ ስትወጣ ፊታችን ይጠቁራል፣ ደመና ሲመጣ እንጠቃቀሳለን። ልብሳችን ላያችን ላይ እየሻገተ «ዝነብ አንተ!» እንላለን። አንዷ ልጇ በእርጥበቱ ደረቱን ታሞ አደረ ብላ ስትነግረን እንኳ፣ «አይዞሽ፣ ማሽኑም አብሮት ታሟል» ብለናታል። እሷም ሳቀች።

ቀጥሎ የመጣው ጠጠር ነው። መካኒኩ ተመልሶ ዝገቱን ፍቆ፣ አንድ ረጅም የብረት ሲሊንደር ተከለ። ከጎኑ የመስታወት መስኮት አለው፤ በመስኮቱ ውስጥ አተር የሚያካክሉ ሰማያዊ ጠጠሮች ይታያሉ። ደረቅ ሲሆኑ ሰማያዊ ናቸው፣ ውሃ ሲጠግቡ ሮዝ ይሆናሉ። ትልልቆቹ ማድረቂያዎች እንዲህ ያለ ሲሊንደር ሁለት አላቸው አሉ፤ አንዱ ሲጠጣ ሌላው ራሱን እያደረቀ ይፈራረቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ግን ባለ አንዱን ነው ያስመጣው። እንግዲህ ጠጠሩ በጠገበ ቁጥር ሰው አውጥቶ፣ እሳት ላይ አድርቆ መመለስ አለበት።

ማሽኑ ሠራ። ያለ አንዳች ጠብታ ሠራ። እኛ በር ላይ ቆመን፣ ሂዱም ኑም ሳንባል፣ በመስኮቱ ጠጠሮቹን ስናይ ዋልን። ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ሮዝነቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ደጅ የቆመ በሽተኛ ጠያቂ መስለን ነበር። ልዩነቱ እኛ ሞቱን መጠበቃችን ነው።

መካኒኩ ሲሄድ ለሥራ አስኪያጁ እንዲህ ሲለው ሰምቻለሁ፦ «ለዘብ ያለ እሳት። ሰማያዊው ቀለም እንደተመለሰ ወዲያው ማውረድ። ከዚያ ካለፈ ይሞታል፤ ሁለተኛ ውሃ አይጠጣም።» ሥራ አስኪያጁ ስልክ እያናገረ፣ ራሱን እየነቀነቀ «እሺ፣ እሺ» ይለዋል። ወደ እኛ ሲመጣ ከዚያ ምክር የተረፈው ይህ ነበር፦

«ቡና መቁላት ታውቁ የለ? እንደሱ ነው። ቁሉትና መልሱት።»

እውነቴን ነው፣ ቡና አገር ውስጥ ለሴት «ቁዪው» ብለህ ሰጥተህ በጥሬው ታወርደዋለች ብለህ ልትጠብቅ አትችልም። እጃችን የሚያውቀው አንድ መቁላት ብቻ ነው።

«አንቺ ቁዪ» አለችኝ የማሻዋ። «እጅሽ ረጋ ያለ ነው።»

ምስጋና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተነሣሁ። ከመጋዘኑ ጀርባ ከሰል አቀጣጠልኩ፣ ብረት ምጣዱን ጣድኩ፣ ሮዞቹን ጠጠሮች አፈሰስኩበት። እሷ ከራሴ በላይ ቆመች። ማማሰል ጀመርኩ። ጭስ የለውም፣ ሽታ የለውም፤ ሽታ የሌለው ነገር ስቆላ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ምጣዱ ላይ ምንም የሌለ እየመሰለኝ ደጋግሜ አየዋለሁ። ሮዙ ወደ ሐምራዊ ሄደ፣ ሐምራዊው ወደ ሰማያዊ። ከዝናብ በኋላ እንዳለ ሰማይ ጥርት ብሎ መጣ። ምጣዱን ላወርድ ጨርቅ አነሣሁ።

«ገና ነው» አለች።

«ሰማያዊ ሆነ እኮ፣ እትዬ። ተመልሷል።»

«ሰማያዊው ጥሬው ነው። ሳይንጣጣ በሰለ ይባላል? ከሰል ጨምሪ።»

ጨመርኩ። ሰማያዊው ጠቆረ። ጠጠሮቹ መሰንጠቅ፣ መንጣጣት ጀመሩ፤ ልክ እንደ ቡና። እጄ ድምፁን ሲሰማ እንደ ልማዱ ማማሰሉን አፈጠነ። ቀና ብዬ አየኋት። ምጣዱን እያየች አልነበረም። በተከፈተው በር አግዳሚውን ነበር የምታየው፣ ጫፉን፣ ቦታዋን። ያኔ ገባኝ። መካኒኩ ያለውን እሷም ሰምታለች።

ምጣዱን ላወርድ እችል ነበር፤ ግማሹ ገና አልጠቆረም። አላወረድኩም። ልጄ በዚያ ሳምንት ፊደል ጨርሳ ስሟን መጻፍ ጀምራ ነበር፤ እሷን አሰብኩና ተጨማሪ ከሰል አደረግሁ። ጠጠሩ እንዳረረ ቡና ከሰል መስሎ ሲወርድ፣ እሷ ራሷ ሰፌድ አቀበለችኝ። ዛሬም ይህን ሳስታውስ አይቆጨኝም። ሌላ ነገር ነው የሚቆጨኝ።

የሞተውን ጠጠር መልሰው ሞሉት። ማሽኑ ባስነሡት ዕለት ውሃ ተፋ። እኛ እንደገና ተጠራን፤ ቡናው ተከምሮ ስለነበር ከንጋት እስኪመሽ ለቀምን። ደግ ሰሞን ነበር። የማሻዋ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ለሰለሰ፤ አንድ ቀን ከጨርቅ ፈትታ ቆጮ አካፈለችኝ። ልጄን አልፎ አልፎ ይዣት ስመጣ ከአግዳሚው ጫፍ፣ ከራሷ ቦታ፣ ጠጋ ብላ ታስቀምጣት ጀመር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ገባ። እጁ ሙሉ ጥቁር ጠጠር ይዟል። ጠረጴዛው ላይ፣ ቡናው መሐል፣ በተነው። ጠጠሮቹ እየተንከባለሉ በየእጃችን ሥር ደረሱ።

«መካኒኩን ጠይቄዋለሁ» አለ። «ተቃጥሎ ነው። ይህን ያቃጠለችዋን አሳዩኝ። እሷ ትወጣለች፤ ሌሎቻችሁ ትቀመጣላችሁ።»

ለቀማው አልቆመም፤ እጃችን መቆም አያውቅም። እኔ አንገቴን ደፍቼ እንዲህ አሰብኩ፦ ሁላችንም ዝም ካልን ሁላችንንም አያባርርም፣ ቡናው ተከምሯል። የማሻዋ ደግሞ አትናገርም፣ ከሰል ጨምሪ ያለችው እሷ ናት።

በእርግጥም አልተናገረችም። በሁለት ጣቷ ከፊቷ አንድ ጥቁር ጠጠር አነሣች፤ ልክ ጥቁር ፍሬ እንደምታነሣው፣ ሳታይ። እጇን ዘርግታ እኔ ፊት አስቀመጠችው።

«እሷ ናት ጨምሪ ያለችኝ!» አልኩ፤ ድምፄ መጋዘኑን ሞላው። «ራሴ ላይ ቆማ! ንገሪው እንጂ!»

«ማማሰያውን የያዘው ማነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እሷ ናት» አለች ነፍሰ ጡሯ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ፦ እሷ ናት፣ እሷ ናት፣ እሷው ናት። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። ለቀማ እየተመለከተ እንዳለ ሰው ነበር ፈገግታው፤ መልካም እጅ አይቶ ደስ እንዳለው። እኔ የማውቀውን እርግማን ሁሉ በአማርኛም በቤንችኛም ጨረስኩባቸው። የማሻዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ እየለቀመች ነበር።

ልጄን ወደ ሸዋ ቤንች የወሰድኳት በዚያው ሰሞን ነው። መኪና ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጣ «ምን አጥፍተሽ ነው?» አለችኝ። «ቡና አሳርሬ» አልኳት። ለቡና ተብሎ ሰው እንዲህ ይቀጣል ወይ ብላ ብዙ ጠየቀችኝ። እናቴ ዘንድ አስቀምጫት ብቻዬን ተመለስኩ፤ የከፈልኩት የክፍሌ ኪራይ ገና ስላላለቀ ነው የተመለስኩት እንጂ ቴፒን ናፍቄ አይደለም።

መናኸሪያው አጠገብ ጎደሬ መሸጥ ጀመርኩ። ጆንያ አነጥፌ በየመደቡ እየቆለልኩ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለቤቱ ሊገዛ ቆመና ወሬ ጀመርን። የቡና መጋዘኑን ስም ስጠራለት ሳቀ።

«ያን ፍሪጅ መሰል ማድረቂያ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ» አለኝ። «ያን ዕለት ጠዋት ሥራ አስኪያጃቸው ሲደውልልኝ ጅማን አልፌ ነበር። ማታ ትደርሳለህ ወይ ሲለኝ፣ እደርሳለሁ አልኩት።»

የትኛው ዕለት እንደሆነ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ የበተነበት ቀን ነው።

ስለዚህ «ሌሎቻችሁ ትቀመጣላችሁ» ሲል ማድረቂያው መንገድ ላይ ነበር። የሚቀመጥ ማንም እንደሌለ ያውቃል። ታዲያ ለምን ጠየቀን? ብዙ አስቤበታለሁ። ምንም ምክንያት የለውም። ስንለቃቀም ሊያየን ነው።

ቀሪውን ዘበኛው ነገረኝ። አዲሱ ማድረቂያ እንደ ፍሪጅ እያጉረመረመ አየሩን ያቀዘቅዛል፣ ውሃው ከሥሩ ጠብ ጠብ እያለ በጎማ ቱቦ ወደ ቦዩ ይሄዳል፣ የሚቆላም የሚለቅምም ሰው አይፈልግም። በተተከለ ማግስት ሴቶቹን በሙሉ አሰናበቷቸው። አግዳሚውን አውጥተው ፈለጡት፤ ለጥበቃ ቤቱ ማገዶ ሆነ። ይህን ስሰማ ጎደሬዬ ላይ ተደፍቼ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። የእጃቸውን አገኙ አልኩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ልጄ ግን ያው ሸዋ ቤንች ነበረች።

የማሻዋ ከጊዜ በኋላ መጣች። ከሩቅ ነው ያወቅኋት፤ ነጠላዋ አድፏል፣ አካሄዷ ያው ነው። ሌሎች ጎደሬ ሻጮችን አልፋ እኔ ፊት ቆመች። ሰላም አላለችኝም፣ እኔም አላልኳት።

«አንድ መደብ» አለች፤ የተጨማደደ ብር ዘረጋችልኝ።

የተደረደረውን መደብ አልሰጠኋትም። ጆንያው ውስጥ እጄን አስገባሁ። ጎደሬ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ የበሰበሰ አለ፤ ዓይን አይለየውም፣ ሲጫኑት ብቻ ሰርጎድ ይላል። ዓይኔን ከፊቷ ሳላነሣ እጄ ብቻውን ገባ፣ ዳሰሰ፣ አወጣ። አንድ የበሰበሰ። ሌላ የበሰበሰ። ደህናውን እየተወ፣ የሞተውን እየመረጠ፣ አንድ በአንድ ፌስታሏ ውስጥ ከተተው። ቀስ ብዬ ነበር የማደርገው፤ እንድታይ ፈልጌ ነው። እሷ ፊቴን አላየችም። እጄን ነበር የምታየው፣ እስከ መጨረሻው፣ እንደ ድሮው።

ፌስታሉ ሲሞላ ተቀበለችኝ። በአንድ ጣቷ ከላይ ያለውን ጫን አደረገችው፤ ሰረጎደ። ቀጥሎ ያለውንም።

«ጎበዝ» አለችኝ። «አንድም ደህና አላሳለፍሽም።»

ፌስታሏን አንጠልጥላ በመጣችበት ሄደች። ያን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ያ ደስታ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። ብሯን መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬ የሚቀጥለውን ገዢ ጠበቅሁ።